«መብራት ጠፍቷል» ማለት ብቻ አይበቃም፦ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ አደጋና ስለ መከላከያው

ኤሌክትሪክ ለሰው ልጅ ኑሮ የሚሰጠው ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። ወፍጮ ያዞራል፤ ውሃ ከጉድጓድ ይስባል፤ መድኃኒት እንዳይበላሽ ያቀዘቅዛል፤ ተማሪም በሌሊት እንዲያጠና ብርሃን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይኸው ኃይል በሚይዘው ሰው ዘንድ ዕውቀትን ይጠይቃል። እሳት ከሩቅ ይታያል፤ ጎርፍም ሲመጣ ይሰማል። ኮረንቲ ግን መልክም ሽታም ስለሌለው በሽቦው ውስጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች የብዙዎቹ መነሻ ይኸው ነው፤ ሠራተኛው «የለም» ብሎ የነካው ኮረንቲ ኖሮ ይገኛል።

እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እንደመሆናችን፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚዘጋጁ መምህራንን የኦምን ሕግና የኮረንቲን አካሄድ እናስተምራለን። ቀመሩ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ቶሎ ይይዘዋል። ነገር ግን ያው ቀመር የአንድን ወጣት ሠራተኛ ሕይወት እንዴት እንደሚያድን ካልታየ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀራል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያጋጥመውን አደጋና ሊከተለው የሚገባውን የጥንቃቄ ሥርዓት፣ ኡም ጋርጉርንና አካባቢውን ምሳሌ በማድረግ ለመግለጽ እንሞክራለን። አካባቢውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮረንቲ ከአንድ በላይ ከሆነ ምንጭ የሚመጣበት፣ አፈሩና የአየሩ ጠባይ አደጋውን የሚያባብሱበት፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም ጎን ለጎን የሚሠሩበት ስለሆነ የጥንቃቄው ሥርዓት ለምን እንዳስፈለገ አጉልቶ ያሳያል።

ኮረንቲው ከየት ይመጣል?

ኡም ጋርጉር በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ ሲሆን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ለተሰደዱ ሰዎች መጠለያ እንዲሆን የተቋቋመ ሰፈር ነው። በዚሁ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ስደተኞች መጠለያ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት ድንበር ለተሻገሩት ሰዎች እንደገና ተከፍቷል። የግዛቱ ዋና ከተማ ገዳሪፍ የታወቀች የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት። ከገዳሪፍ የሚነሳው መንገድ በዶካና በጋላባት አልፎ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ይዘልቃል።

የኤሌክትሪኩም መስመር ይህንኑ አቅጣጫ የያዘ ነው። ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚያገናኘው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በጎንደርና በሸኸዲ አድርጎ ገዳሪፍ ይደርሳል። እስከ 100 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተሠራው ይህ መስመር በ2006 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል። እንዲህ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ በማከፋፈያ ጣቢያ ዝቅ ተደርጎ፣ በሱዳን በኩል በ33 እና በ11 ኪሎ ቮልት፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በ33 እና በ15 ኪሎ ቮልት ወደየሰፈሩ ይሄዳል። በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ደግሞ ለቤትና ለሱቅ ወደሚያገለግለው 220 ቮልት ያወርደዋል።

ከዚህ ከመንግሥት መስመር ሌላ ሁለት ምንጮች አሉ፤ እነርሱም ጀኔሬተርና የፀሐይ ኃይል ናቸው። በተለይም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የመብራት መቋረጥ ስለበዛ፣ በጀኔሬተርና በፀሐይ ሰሌዳ የሚጠቀመው ቤት፣ ሱቅና ክሊኒክ ተበራክቷል። የሕዝቡ ችግር በዚህ መቃለሉ ደግ ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ቀድሞ «መብራት ጠፍቷል» ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ኮረንቲ የለውም ማለት ነበር። ዛሬ ግን «መብራት ጠፍቷል» ማለት ከአንደኛው ምንጭ አይመጣም ማለት ብቻ ነው። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሊመጣ ይችላል።

እንዴት ቢባል፣ አንድ ባለሱቅ መብራት ሲጠፋበት ጀኔሬተሩን አስነስቶ የጀኔሬተሩን ገመድ በግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካ እንበል። ዋናውን ማጥፊያ ካልዘጋ ኮረንቲው በሱቁ ውስጥ ብቻ አይቆይም። በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ይደርሳል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከላይ ሲመጣ ቮልቴጁን የሚያወርደው፣ ከታች ሲመጣ ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ሁኔታ ከሱቁ የወጣው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ማዶ ብዙ ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው መንደር ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥለው ሠራተኛ ጀኔሬተሩን አላየውም፤ ድምፁንም አልሰማም። «ከተማው ሁሉ ጨለማ ነው» ብሎ ሽቦውን ይጨብጣል። መከላከያው የታወቀ ነው፤ ጀኔሬተር መገናኘት ያለበት ሁለቱን ምንጮች በአንድ ጊዜ ሊያገናኝ በማይችል መቀያየሪያ ማብሪያ ብቻ ነው። ሁለቱም ጫፍ ወንድ የሆነ ገመድ መሥራት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን ይገባዋል።

ሰውን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «220 ቮልት ገደለው» ይላል። በትክክል ሲነገር ግን የሚጎዳው በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠንና ያለፈበት ጊዜ ርዝመት ነው። ቮልቴጅ የሚገፋው ኃይል ነው፤ ሬዚስታንስ ደግሞ የሰውነት የማገድ ችሎታ ነው። ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. በጻፈው ሕግ መሠረት ቮልቴጁን ለሬዚስታንሱ ስናካፍል የሚያልፈውን ኮረንቲ እናገኛለን።

የሰው ቆዳ ሲደርቅ ጥሩ መከላከያ ይመስላል። በክፍል ውስጥ የአንድን ተማሪ ሁለት እጆች በመልቲሜትር ብንለካ ብዙ አሥር ሺህ ኦም ሊያሳይ ይችላል። ይህ ቁጥር ግን ሊያታልለን አይገባም። መልቲሜትሩ የሚለካው በትንሽ ባትሪ ቮልቴጅ ነው። 220 ቮልት ሲሆን የቆዳው መከላከያ ስለሚሰበር የሰውነት ሬዚስታንስ ወደ 2,000 ኦም፣ ቆዳው በላብ ወይም በዝናብ ከራሰም ወደ 1,000 ኦምና ከዚያ በታች ይወርዳል። 220ን ለ2,000 ብናካፍል 0.11 አምፔር ወይም 110 ሚሊ አምፔር እናገኛለን። ለ1,000 ስናካፍል ደግሞ 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል።

ይህ መጠን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የሚከተለውን እንመልከት። በተለመደው የኤሲ ኮረንቲ፦

1 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሆን ሰው መንዘር ይሰማዋል።

ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ የእጅ ጡንቻ ስለሚኮማተር ብዙ ሰው የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ የጨበጡትን መልቀቅ የሚችሉበት ከፍተኛ መጠን በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር መሆኑን አግኝተዋል።

ከ20 እስከ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የደረት ጡንቻ ሊያዝና መተንፈስ ሊያስቸግር ይችላል።

ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ ከአንድ ሴኮንድ በላይ በደረት በኩል ካለፈ ልብ ሥርዓቱን አጥቶ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል። ልብ ሲርገበገብ ደም አይገፋም፤ በደቂቃዎች ውስጥም ሞት ይከተላል።

እንግዲህ ከላይ ያሰላነው 110 ሚሊ አምፔር ከዚህ ወሰን በእጥፍ ይበልጣል። «ቤት ውስጥ ያለው ኮረንቲ ቢይዝም አይገድልም» የሚለው አባባል ስህተት መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ፊውዝ የሚያድነው ማንን ነው?

እዚህ ላይ በተማሪዎችም በሠራተኞችም ዘንድ የተለመደ አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ያስፈልጋል። ይኸውም «ፊውዝ ስላለ ኮረንቲ ቢይዘኝ ይቆርጥልኛል» የሚለው ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ የሚቃጠለው ከ10 አምፔር በላይ፣ ማለትም ከ10,000 ሚሊ አምፔር በላይ ሲያልፍበት ነው። ሰውን ለመግደል ግን 50 ሚሊ አምፔር ይበቃል። ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ለሞት የሚበቃው መጠን 200 ጊዜ ተደራርቦ ማለፍ አለበት ማለት ነው። ተራው ብሬከርም እንዲሁ ነው። ፊውዝና ብሬከር የሚጠብቁት ሽቦውንና ቤቱን ከእሳት ነው፤ ሰውን ከመያዝ አይጠብቁም።

ለሰው የተሠራው መሣሪያ ሌላ ነው። ይህ በወጣው ኮረንቲና በተመለሰው መካከል ያለውን ልዩነት የሚጠብቅ ብሬከር ሲሆን፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከሴኮንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። በፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው በቀላሉ ይለያል። ዳልዚልም በ1961 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን መቁረጫ በመፍጠር ይታወቃሉ። በውሃ ፓምፕ፣ በመታጠቢያ ቤትና ከቤት ውጭ በሚዘረጋ ገመድ ላይ ይህ መሣሪያ ቢኖር ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ሆኖም ሠራተኛው አንድ እጁ ፌዙን፣ ሌላው እጁ ኒውትራሉን ከነካ፣ የወጣው በሙሉ ስለሚመለስ መሣሪያው ልዩነት አያይም፤ አይቆርጥምም። ስለሆነም ለሠራተኛው ረዳቱ እንጂ ምትኩ አይደለም።

አፈሩና አየሩ የሚጨምሩት አደጋ

የገዳሪፍ ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ይህ አፈር በዝናብ ወራት ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ይሸማቀቅና ስንጥቁ እግር የሚያስገባ ይሆናል። ገበሬው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱም ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው የኤርዝ ዘንግ የሚሠራው አፈሩ ሲነካውና እርጥበት ሲኖረው ነው። በሐምሌ የተተከለና በሐምሌ የተለካ ዘንግ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። በሚያዝያ ግን አፈሩ ደርቆና ከዘንጉ ተላቆ ያው ዘንግ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። በዚህን ጊዜ የማሽን ቆርቆሮ ውስጥ ሽቦ ተላጦ ቢነካ ኮረንቲው የሚወርድበት መንገድ ስለሚያጣ ቆርቆሮው ራሱ ኮረንቲ ይዞ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ዘንጉ እርጥበት ከማይለየው ጥልቀት ድረስ መግባት፣ ሬዚስታንሱም በደረቁ ወር መለካት ይኖርበታል።

በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ላብ የቆዳን ሬዚስታንስ ያወርዳል፤ ሙቀቱም ሠራተኛው ጓንቱን እንዲያወልቅ ይገፋፋዋል። ከባዱን ሥራ በማለዳ መሥራት ለድካም ብቻ ሳይሆን ለኮረንቲም መከላከያ ነው። በሱዳን ቤቶች የተለመደው በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣም በዚሁ ወቅት ይነሳል። ይህ ዕቃ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ውሃ፣ ፓምፕና ሞተር በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ፣ ውሃ ለመጨመርም ሆነ ለመጠገን ከመንካት በፊት ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። ሱዳኖች ኸሪፍ በሚሉት የዝናብ ወቅት ደግሞ መሬቱ፣ ግድግዳውና የሠራተኛው ልብስ ይርሳሉ፤ በዝናብና በመብረቅ ጊዜ ምሰሶ ላይ መውጣት አይገባም።

የሥራው አምስት ደረጃዎች

የኤሌክትሪክ ሥራ ጥንቃቄ በብዙ አገር በአምስት ደረጃዎች ተጠቃሎ ይማራል። ደረጃዎቹ በተራ መፈጸም አለባቸው።

1ኛ. ማቋረጥ። መስመሩን ከሁሉም ምንጭ መለየት ነው። ዋናው ማጥፊያ፣ ጀኔሬተሩ፣ የፀሐዩ ኢንቨርተርና ባትሪው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደዚህ መስመር ኮረንቲ ከየት ከየት ሊገባ ይችላል?» የሚለው ነው።

2ኛ. መቆለፍ። የተዘጋው ማጥፊያ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በሠራተኛው ኪስ ይገባል። መስመር በሠራተኛው ላይ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። ስለዚህ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትክፈት» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። ኡም ጋርጉርን በመሰለ ስፍራ ጽሑፉ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ግማሹ ሰው አያነበውም። በዐረብኛ፣ በትግርኛና በአማርኛ ቢጻፍ፣ ማንበብ ለማይችልም ሥዕል ቢጨመርበት ይበጃል።

3ኛ. መፈተሽ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። ኮረንቲ አለመኖሩ በመሣሪያ ካልተረጋገጠ በቀር መስመሩ እንዳለ ይቆጠራል። አፈታተሹም ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ መፈተሻውን ኮረንቲ ባለበት ስፍራ ሞክሮ መሥራቱን ማወቅ፤ ቀጥሎ የሚሠራበትን መስመር ፌዝ ከፌዝ፣ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኤርዝ፣ ኒውትራልን ከኤርዝ ጋር መፈተሽ፤ በመጨረሻም መፈተሻው በመካከሉ አለመበላሸቱን ለማወቅ እንደገና ኮረንቲ ባለበት መሞከር ነው። በኪስ የሚያዘው ባለ አምፖል ካቻቢቴ ለዚህ ሥራ አይታመንም። በጠራራ ፀሐይ ብርሃኑ አይታይም፤ ሠራተኛው በደረቅ እንጨት ላይ ከቆመም ላይበራ ይችላል። አለመብራቱ የኮረንቲን አለመኖር አያረጋግጥም።

የሽቦ ቀለምም ማስረጃ አይሆንም። በአሮጌው የእንግሊዝ ሥርዓት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፌዞች ሲሆኑ ጥቁር ኒውትራል ነው። በአዲሱ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ግን ሰማያዊ ኒውትራል ሆኗል። አንዱ ሠራተኛ ኒውትራል ነው የሚለው ሰማያዊ ሽቦ፣ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ፌዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

4ኛ. ከመሬት ጋር ማገናኘት። በተለይ በምሰሶ መስመር ላይ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር በወፍራም ገመድ ይታሰራሉ። አንድ ሰው ሳያውቅ ጀኔሬተር ቢያስነሳ ወይም መስመሩን ቢከፍት፣ ኮረንቲው በሠራተኛው ሳይሆን በገመዱ በኩል ወርዶ ብሬከሩን ይጥላል።

5ኛ. መከለል። በአጠገብ ኮረንቲ ያለው ሌላ ክፍል ካለ መሸፈንና የሥራውን ስፍራ አጥሮ ሰውና ከብት እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር የመሣሪያ ነገር አለ። ጓንቱ ለኤሌክትሪክ የተሠራና የሚችለው ቮልቴጅ የተጻፈበት መሆን አለበት፤ የዕቃ ማጠቢያ ጎማ ጓንት አያገለግልም። ከመልበስ በፊት ከእጅጌው በኩል ጠቅልሎ አየር በማስያዝ ቀዳዳ እንደሌለው ማየት ይገባል። መሰላሉ የብረት ሳይሆን የደረቅ እንጨት ወይም የፋይበር፣ የፒንሳውና የካቻቢቴው እጀታም ያልተላጠ ይሁን። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቁ። ሥራውም በሁለት ሰው ይሁን፤ ብቻውን የተያዘ ሰው የሚያላቅቀው የለም።

የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ

የፀሐይ ኃይል አደጋ የለውም የሚሉ አሉ። በአንድ በኩል ግን ከመንግሥት መስመር ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ፀሐይ ማጥፊያ የላትም። ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ሰሌዳው ኮረንቲ ያመነጫል። ብዙ ሰሌዳዎች በተርታ ሲያያዙ ቮልቴጃቸው ተደምሮ በመቶ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ሰሌዳዎቹን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍኖ ወይም በሌሊት ቢሠራ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ነገር ይህ ኮረንቲ ዲሲ መሆኑ ነው። ባለ 50 ኸርዝ ኤሲ ኮረንቲ በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ፣ ማጥፊያ ሲከፈት የሚነሳው ብልጭታ በዚያ ቅጽበት ይጠፋል። ዲሲ ግን ዜሮ ስለማይሆን ብልጭታው ሳይጠፋ ሊቀጥልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ለኤሲ የተሠራ ብሬከር ለፀሐይ ሰሌዳ አይሆንም።

ባትሪን በተመለከተ 12 ቮልት ሰውን አይነዝርም። ነገር ግን ቁልፍ መፍቻ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቢወድቅ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ያልፍበትና ብረቱን ያግለዋል፤ ቀለበት ያደረገ ጣትንም ያቃጥላል። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በተዘጋ ክፍል ማስቀመጥና በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ አይገባም። ጀኔሬተርም በቤት ውስጥ ቢነሳ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይለቃልና ውጭ ይቀመጥ።

የወደቀ ሽቦና ከፍተኛ መስመር

በመኸር ወቅት የሰሊጥና የማሽላ ጆንያ አብዝተው የጫኑ መኪናዎች በመስመር ሥር ያልፋሉ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ጊዜ ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ መቅረብ ብቻ ኮረንቲው በአየር ዘሎ እንዲይዝ ሊያደርገው ይችላል። ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው እስከ 50 ኪሎ ቮልት ካለው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከ230 ኪሎ ቮልት ደግሞ 5 ሜትር ያህል መራቅ ይገባዋል።

ሽቦ መሬት ላይ ቢወድቅ ኮረንቲው በአፈሩ ውስጥ ዙሪያውን ይሰራጫል፤ ወደ ሽቦው በተጠጉ ቁጥርም ቮልቴጁ ይጨምራል። በሁለት እግር መካከል ልዩነት ስለሚፈጠር የሚራመድ ሰው ሳይነካ ሊያዝ ይችላል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች በዚህ የሚጎዱት ከሰው ይልቅ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ በአጠገቡ የተገኘ ሰው ደግሞ እግሮቹን ገጥሞ መሬቱን ሳይለቅ በትንሽ በትንሹ እየተንፏቀቀ መውጣት አለበት።

ሰው ሲያዝ ምን እናድርግ?

የተያዘን ሰው በባዶ እጅ መጎተት ሁለተኛ ሟች ማብዛት ነው። መጀመሪያ ኮረንቲው ይቆረጥ። በቤት ኮረንቲ ከሆነና ማጥፊያው ከራቀ፣ አዳኙ በደረቅ ጣውላ ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውዬው ያርቅ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ግን እንጨትም አያድንም፤ መስመሩ መቋረጡ እስኪረጋገጥ መራቅ ግድ ነው።

ሰውዬው ከተላቀቀ በኋላ ካልነቃና በወጉ ካልተነፈሰ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ሲጠራ የደረት መጫን ይጀመር። የሁለት እጅ መዳፍ በደረቱ መካከል ተደራርቦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ ይጫናል። የሠለጠነ ሰው ከሆነ ከየ30 መጫን በኋላ 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል። ውሃ መድፋት ወይም በአፈር መሸፈን የቆመን ልብ አያስነሳም፤ ውድ የሆኑትን ደቂቃዎች ያባክናል። የነቃ ሰውም ቢሆን ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ቃጠሎው በውስጥ ሊሆን ይችላልና።

አልሠራም የማለት መብት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሽቦና ስለ መሣሪያ ነው። ነገር ግን አደገኛውን ሥራ ማን እንዲሠራ ይታዘዛል ብለን ብንጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ረዳት ነው። ሙያውን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከጎን ቆሞ በማየት የሚማር ወጣት «ሳታጠፋው ቶሎ ቀጥለው፣ ደንበኛው ቸኩሏል» ሲባል እምቢ ማለት ይቸግረዋል። በስደት ላይ ያለ ወጣት ከሆነማ የዕለት እንጀራውንም ይፈራል።

በዚህ ረገድ በ1981 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የወጣውና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት፣ በቁጥር 155 የሚታወቀው፣ በ13ኛው አንቀጹ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ቢርቅ ሊጎዳበት እንደማይገባ ይናገራል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያዛል። ጓንትና መፈተሻ ማቅረብ እንግዲህ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሕጉ በሩቅ ቢሆንም እንኳ፣ ምክንያቱን በቁጥር ማስረዳት የሚችል ወጣት «ፈርቼ» ከሚል ወጣት ይልቅ ይደመጣል። «220ን ለ1,000 አካፍልና እይ» ብሎ ለመመለስ የሚበቃ ትምህርት እኛ መምህራን ልንሰጠው እንችላለን።

ለክፍል የሚሆን ሥራ

ሀ. ቮልቴጁ 220 ሲሆን፣ ሬዚስታንሱ 2,000፣ 1,000 እና 800 ኦም ለሆነ ሰውነት የሚያልፈው ኮረንቲ ይሰላ። ከ10 አምፔር ፊውዝ ጋርም ይነጻጸር።

ለ. ተማሪዎች ምንም ነገር ሳይከፍቱና ሳይነኩ በቤታቸው ወይም በሰፈራቸው ኮረንቲ ከስንት ምንጭ እንደሚገባ በሥዕል ያሳዩ። ጀኔሬተር ካለ መቀያየሪያ ማብሪያ መኖሩን ቤተሰባቸውን ይጠይቁ።

ሐ. የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ በአካባቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ተጽፎ ሥዕል ይጨመርበት። ጥሩው ሥራ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይሰጥ።

መ. አምስቱ ደረጃዎች ከምንም ጋር ባልተገናኘ ገመድ በተግባር ይታዩ። አንድ ተማሪ ሠራተኛ፣ አንዱ አሠሪ፣ አንዱ የሚያስቸኩል ደንበኛ ይሁን፤ ሠራተኛው ሦስተኛውን ደረጃ ሳይዘል ሲቀር ክፍሉ ያርመው ዘንድ አሠሪና ደንበኛው እንዲዘለው ይገፋፉት።

ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ነገ መሰላል የሚወጡ፣ ፓምፕ የሚጠግኑ፣ የፀሐይ ሰሌዳ የሚተክሉ ይኖራሉ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ መስመር በመሣሪያ እስኪፈተሽ ድረስ እንዳለ መቆጠሩን ይዘው ከክፍል ይውጡ።